ልጅን ለማን ትቶ ሥራ መግባት? ለጎንደር ወላጆች የማቆያ ንጽጽር

ጎንደር ላይ ሴት ስትወልድ ጎረቤቱ ሁሉ ይመጣል። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ይባላል፣ ገንፎ ይገነፋል፣ አራሷ ትታረሳለች። ክርስትናው ካለፈ በኋላ ግን የጠያቂው ወሬ ይቀየራል። "ለማን ትተሽው ልትገቢ ነው?" ማለት ይጀመራል።

እኔ ሁለት ልጅ ወልጄ ሁለቴም ተጠይቄአለሁ። በመጀመሪያው ልጅ መልስ አልነበረኝም፣ አልቅሼ ነው ቢሮ የገባሁት። በሁለተኛው ገና ሆዴ ሳይገፋ መፈለግ ጀመርኩ። በሁለቱ መካከል የተማርኩትን ነው እዚህ የማካፍላችሁ።

አማራጭ ሁሉ ደህና ቀን ላይ ጥሩ ነው። አያትም፣ ሞግዚትም፣ ማቆያም ደህና ቀን ላይ ልጅ ይይዛሉ። ልዩነቱ የሚታየው ልጁ ሲያተኩሰው፣ ውሃ ከጠፋ ሳምንት ሲሞላው፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ወይም ሞግዚቷ ሌሊት ጓዟን ጠቅልላ ስትሄድ ነው። ስለዚህ ሁሉንም የማወዳድረው በክፉ ቀኑ ነው።

መጀመሪያ ቀን መቁጠር

በግል ድርጅት ለምትሠራ እናት ሕጉ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ነው። ከመውለዷ በፊት 30 ተከታታይ ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከነደመወዟ ዕረፍት አላት። ተከታታይ ሲባል ቅዳሜም፣ እሑድም፣ በዓልም ይቆጠራል። 30ው ቀን ሳያልቅ ምጥ ከመጣ፣ 90ው ከወለደች በኋላ ወዲያው መቆጠር ይጀምራል። አባት ያለው 3 ቀን ነው። የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደርበት ሕግ ሌላ ስለሆነ ከመሥሪያ ቤታችሁ የሰው ሀብት ክፍል ቀኑን በቁጥር አስነግሩ። "አራት ወር ገደማ ነው" በሚል ወሬ አትመኑ።

የእኛ ወር 30 ቀን መሆኑ ሒሳቡን ያቀልለዋል። ልጁ መስከረም 1 ከተወለደ እናቱ ታኅሣሥ 1 ቢሮ ትገባለች። ክርስትና ለምታነሡ ደግሞ ይህን አስቡ። ሴት ከሆነች ክርስትናዋ በ80 ቀኗ ነው። ድግሱ አልቆ ድስቱ ሲታጠብ ለሥራ የቀረው 10 ቀን ነው። በዚያ 10 ቀን ሞግዚት ፈልጎ፣ ማቆያ ጎብኝቶ፣ ልጅ አለማምዶ ሥራ መግባት አይቻልም። እኔ ሞክሬው አልሆነልኝም።

ሁለት ነገር ደግሞ ከዚህ ጋር ይጋጫል። አንዱ ክትባት ነው። የ6ኛው፣ የ10ኛውና የ14ኛው ሳምንት ክትባት አለ። 14ኛ ሳምንት ማለት 98ኛው ቀን ነው፤ ሥራ በገባችሁ በሳምንቱ። ያን ቀን ማን ይዞት ጤና ጣቢያ እንደሚሄድ፣ ማታ ሲያተኩሰውና በማግሥቱ ሲነጫነጭ ማን እንደሚይዘው ከአሁኑ ወስኑ። ሁለተኛው ጡት ነው። ሕፃን እስከ 6 ወሩ ጡት ብቻ ይጥባ ይባላል፤ ዕረፍቱ ግን በ3 ወር ያልቃል። የቀሩትን 3 ወራት ወይ ጡት እያለባችሁ ትሄዳላችሁ፣ ወይ ልጁ ባለበት እየሄዳችሁ ታጠባላችሁ። የምርጫው ግማሽ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የታለበ የጡት ወተት በክፍል ሙቀት የሚቆየው 4 ሰዓት ያህል ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን። ጠዋት 2 ሰዓት የተቀመጠ ወተት ያለ ፍሪጅ ምሳ ሰዓትን አይሻገርም ማለት ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ላይ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፍሪጁም ቁም ሣጥን ነው። ስለዚህ የምትመርጡት ሰው ወይም ቦታ ቢሮአችሁ አጠገብ ቢሆን ግማሹ ጭንቀት ይቀላል።

አያት

ሌላው ሁሉ ከዚህ በታች ነው የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔም ለመጀመሪያዎቹ ወራት እስማማለሁ። አያት ልጅ ሲያለቅስ ሰዓት አታይም። ልጁ ቢታመም ሌላ ልጅ ላይ ይጋባል ብላ "አታምጡት" አትልም። ውሃ ቢጠፋም፣ መንገድ ቢዘጋም፣ እሷ እቤት ናት። ክፉ ቀን ላይ ከአያት የሚበልጥ የለም።

ግን አያትም ሕይወት አላት። የባለቤቴ እናት ከደንቢያ መጥተው ነው የመጀመሪያ ልጄን የያዙልኝ። ከብቱ አለ፣ ማኅበሩ አለ፣ ለቅሶ አለ። ሰው ሲሞት "ልጅ ይዣለሁ" ብሎ መቅረት በእሳቸው ዘንድ ነውር ነው። ሰኔ ሲገባ ደግሞ ልባቸው እርሻው ላይ ነው። እኔ ግን አንድም ቀን "እስከ መቼ ይቆያሉ?" ብዬ አልጠየቅኋቸውም ነበር፣ ያባረርኳቸው እንዳይመስላቸው ብዬ። ይህ ስሕተቴ ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት የእኅታቸው ሞት ተረድቶ ሄዱ፤ እኔ ልጁን አዝዬ በሩ ላይ ቀረሁ። አያትን ስታስመጡ ከመጀመሪያው ከወር እስከ ወር ተነጋገሩ። እሷ በማትኖርበት ሳምንት ማን እንደሚተካት ስም ጥሩ።

ሌላው የልማድ ነገር ነው። ይህን በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል። እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስቧጠጥ በአካባቢያችን አሁንም አለ። ልጁ ሲያስለው ወይም ሲያስቀምጠው አያት በፍቅር ተነሣሥታ ወደ አዋቂ ልትወስደው ትችላለች። ደም መፍሰስና መመረዝ የሚያመጣ ነገር ነው። እኔ አንድ ማታ እንዲህ አልኳቸው። "እማዬ፣ ልጁን ከእርስዎ በላይ የሚወደው የለም። እንጥሉን ግን ሳይነግሩኝ እንዳያስነኩብኝ።" እሳቸውም "ያንችን ባል ማን ያሳደገው መሰለሽ?" አሉኝ። ነገሩ ከረር አለ። የፈታው ባለቤቴ ነው። ለክትባት ሲሄድ እናቱን ይዞ ሄደ፤ ነርሷ በእርጋታ አስረዳቻቸው። ከነርሷ ሲሰሙ ተቀበሉ። የልጅ ሚስት ስትናገርና ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ሲናገር እኩል አይሰማም። ስለዚህ ይህን ንግግር ለጤና ጣቢያው አሳልፋችሁ ስጡ፣ አማትም አትቀየምም።

በነጻ ነው ብላችሁም አታስቡ። መጓጓዣው፣ ስኳሩ፣ ቡናው፣ ለበዓል ቀሚሱ አለ። ብር በእጅ መስጠት ቅር የሚያሰኛቸው ከሆነ መንገድ ፈልጉለት።

ሞግዚት

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ጎንደር ላይ አብዛኛው ሠራተኛ እናት የምትይዘው ይህንን ስለሆነ።

ጥቅሟ ልጁ ከቤቱ አለመውጣቱ ነው። ክረምት ላይ በዝናብና በጭቃ ሕፃን ተሸክሞ ባጃጅ መጠበቅ ይቀራል። ጉንፋኑም ይቀንሳል፣ ከብዙ ልጅ ጋር አይውልምና። እንደ ሆስፒታል ባለ ሥራ የማታ ተረኛ የሆነች እናት ከዚህ ሌላ ምርጫ የላትም ማለት ይቻላል። የማታ ማቆያ አይታሰብም።

ክፉ ቀኗ ግን ድንገተኛ ነው። ደላላው ሌላ ቤት አግኝቶላት ሊሆን ይችላል። አገሯ ጠርተዋት ሊሆን ይችላል። ማታ የነበረች ጠዋት የለችም። ደግሞም ሌላ ዓይን የለም። ማቆያ ውስጥ ቢያንስ አንዷ ተንከባካቢ ሌላዋን ታያለች። እቤት ውስጥ ከልጁና ከእሷ በቀር ማንም የለም፤ ልጁ ደግሞ አይናገርም።

ስለዚህ መታወቂያና ተያዥ ያስፈልጋል። ተያዡ ደላላው ራሱ ከሆነ ተያዥ የለም ብላችሁ ቁጠሩት። የአገሯ ሰው፣ ጎንደር ውስጥ ቤት ያለው፣ ስልኩን የሚያነሣ ሰው ይሁን። መጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት እናንተ ወይም አያት እቤት ሆናችሁ አብራችሁ ዋሉ። ልጁ ሲያለቅስ ፊቷ ምን እንደሚመስል እዩ። ከዚያ በኋላ ደግሞ አንዳንዴ ሳትናገሩ ምሳ ሰዓት ላይ ብቅ በሉ። ጎረቤትንም አደራ በሉ። የጎንደር ግቢ አብሮ የሚኖርበት ነው፤ እትዬ ከዚያ ማዶ ሆነው የልጅ ልቅሶ ይሰማሉ።

አንድ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ከገጠር የምትመጣ የ12 እና የ13 ዓመት ልጅ ሕፃን አዝላ ስትውል ሁላችንም አይተናል። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ሕጉን ትታችሁ ነገሩን ብቻ ብታስቡትም ያው ነው። ልጅ ናት። ትንታ ሲይዘው ምን እንደምታደርግ አታውቅም፣ እሳቱ ላይ ወተት ጥዳ ትጫወታለች፣ አይፈረድባትም። እሷ ራሷ ትምህርት ቤት መዋል አለባት። ደመወዟ ስለሚያንስ ብቻ አትያዟት፣ እባካችሁ።

ለአዋቂዋ ሞግዚት ደግሞ ዕረፍቷን ስጧት። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ወይም ዘመድ ዘንድ ትሂድ። ደመወዟ በቀኑ ይድረሳት። የምትቆየው የተከበረችበት ቤት ነው። ልብስ ማጠቡን፣ እንጀራ መጋገሩን፣ ልጁንም በአንድ ሰው ላይ ከጫናችሁ የሚጎዳው ልጁ ነው። ምጣድ ላይ ያለች ሴት ሕፃን አታይም።

የመሥሪያ ቤት ማቆያ

ካላችሁ ያዙት። ብዙ አልልም።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ሴት ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁም አዝዞ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ማቆያ የሚባል ክፍል መስማት የተለመደ ሆኗል። በር ላይ ተጽፎ ውስጡ የተሰበረ ወንበር የተቆለለበትም ይኖራል። ስለዚህ ጽሑፉን ሳይሆን ክፍሉን ሄዳችሁ እዩ። ቀጥላችሁ ስንት ልጅ እንደሚይዝ፣ ከስንት ወር ጀምሮ እንደሚቀበል፣ ባል የዚያ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ከሆነም ይቀበል እንደሆነ ጠይቁ። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው አይጠይቅም። ማቆያ የሴቶች ጉዳይ ተብሎ ስለሚታሰብ አባቶች ስለ መብታቸው አያነሡም።

ትልቁ ጥቅሙ ጡት ነው። በሻይ ሰዓት ወርዳችሁ አጥብታችሁ ትመለሳላችሁ። ጡት ማለቡ፣ ጡጦ መቀቀሉ ሁሉ ይቀራል። ክፉ ቀኑ ደግሞ ሥራ ስትለቁ ወይም ስትዛወሩ ነው፤ ቦታውም አብሮ ይሄዳል።

ክፍሉ ከሌለ ብቻችሁን አትጠይቁ። አንዲት እናት ስትጠይቅ ልመና ይመስላል። ስድስት ሴቶችና ሁለት አባቶች ፈርመው ሲያቀርቡ ጥያቄ ይሆናል።

የግል ማቆያ

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። የግል ማቆያ ስትፈልጉ መጀመሪያ የምታስቡት ከቤት ይቅረብ የሚል ይሆናል። እኔ የምለው ከቢሮ ይቅረብ ነው። አዘዞ ኖራችሁ ማራኪ የምትሠሩ ከሆነ ማራኪን ምረጡ። ሲያተኩሰው ስልክ የሚደወለው ለእናንተ ነው፤ በእግራችሁ ብትደርሱ ይሻላል። መንገድ ቢዘጋም ልጁ እናንተ ባላችሁበት ወገን ነው። ጥምቀት ሲቃረብ መንገዱ እንዴት እንደሚጨናነቅ ደግሞ ጎንደር የኖረ ያውቀዋል።

ስትጎበኙ ጠዋት በር ላይ ሆናችሁ አትመለሱ። ጠዋት ሁሉም ቤት ተጠርጎ፣ ሁሉም ልጅ ተሳስቆ ነው። ከቀኑ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ሂዱ። ያ ሰዓት ሁሉም የሚርበውና የሚያለቅስበት ነው። ቁሙና ቁጠሩ፣ ስንት ሕፃን፣ ስንት ሴት? በእንግሊዝ አገር ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ሕጉ ለ3 ልጅ አንድ ተንከባካቢ ይላል። እዚህ ያን አናገኝ ይሆናል። ግን አንድ ሴት ገና የማይራመዱ 8 ሕፃናት ይዛ ካገኛችሁ እሳት ቢነሣ ስንቱን ታቅፋ እንደምትወጣ አስቡ። እኔ መልሱን ሳስበው ከበሩ ተመለስኩ።

ውሃ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ነው። ጎንደር ላይ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ማቆያው ሮቶ አለው ወይ? ስንት ሊትር? መጨረሻ የተሞላው መቼ ነው? ክዳኑ ይዘጋል? አሥር ሕፃን ሽንት ጨርቁ እየተቀየረ፣ እጅ ሳይታጠብ ቀጥሎ ጡጦ የሚያዝ ከሆነ ተቅማጥ ከልጅ ልጅ ይዞራል። መታጠቢያው ዳር ሳሙናው እርጥብ መሆኑን እዩ። እርጥብ ሳሙና ማለት እጅ የሚታጠብ ሰው አለ ማለት ነው።

ሁለተኛ ቡና። ቡና የት እንደሚፈላ ጠይቁ። ልጆቹ የሚተኙበት ክፍል ውስጥ ረከቦት ካያችሁ ሌላ ነገር መጠየቅ አያስፈልግም። ጀበናው ያቃጥላል። ከሰሉ ደግሞ በር በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሳያስታውቅ ይገድላል። በክረምት ለሙቀት ተብሎ ከሰል የሚገባበት ቤትም አለ፣ እሱም ያው ነው።

ሦስተኛ ጾም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ወጥ ቤቱ በጾም ከዋለ የ9 ወር ልጅ ለ55 ቀን ዕንቁላልና ወተት ሳያይ ሊከርም ነው። ሕፃን አይጾምም። ግን የምታበስለው ሴት ድስቱን አላስነካም ብትል የሚገባ ነው፤ አትጫኗት። ለልጃችሁ የተለየ ድስትና ማንኪያ ውሰዱ፣ የተቀቀለ ዕንቁላሉን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። ይህን በዘወረደ ሰኞ ሳይሆን ስትመዘግቡ ተነጋገሩበት። ሙስሊም ወላጆችም ሥጋው ከየት እንደሚመጣ ያኔውኑ ይጠይቁ።

ሲታመም ምን እንደሚደረግ በዝርዝር አስነግሩ። ትኩሳት ያለበትን ልጅ የማይቀበል ማቆያ ጥሩ ማቆያ ነው። ያናድዳል፣ አውቃለሁ። ግን የዛሬው ንዴት የእናንተ ከሆነ ነገ የሌላው ልጅ ሕመም ወደ እናንተ ልጅ አይጋባም። የክትባት ካርድ የሚጠይቅም እንዲሁ ይመስገን። ጠዋት ታሞ ከተመለሰ ማን ይይዘዋል የሚለው ግን የእናንተ የቤት ሥራ ነው። ማቆያ ብቻውን በቂ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። ከጀርባው አንድ ሰው መኖር አለበት፤ አክስት፣ ጎረቤት፣ ወይም በየተራ ፈቃድ የምትወስዱ ባልና ሚስት።

ማን ልጁን መውሰድ እንደሚችል ስም ዝርዝር ይያዝ። "አጎቱ ነኝ" ላለ ሁሉ ልጅ የሚሰጥ ቤት አለ። ይሉኝታ ነው። በሩ ላይ ያለችው ሴት "ይቅርታ፣ ስምዎ የለም" ለማለት እንድትደፍር እናንተ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ስጧት።

ገንዘቡን ስታወዳድሩ የወሩን ክፍያ ብቻ አትመልከቱ። ለምሳሌ ያህል ማቆያው በወር 4,000 ብር ቢጠይቅና የኮንትራት ባጃጅ በአንድ ጉዞ 60 ብር ቢሆን፣ ደርሶ መልሱን በ22 የሥራ ቀን ስታባዙት 2,640 ብር ይጨመራል። ዳይፐሩ፣ ምግቡ፣ የመመዝገቢያው አለ። ሞግዚትም ከደመወዟ ሌላ ቀለብ፣ ሳሙና፣ ልብስ፣ የበዓል ብር አላት። ሁለቱንም ወረቀት ላይ አስፍራችሁ እዩት፤ ርካሽ የመሰላችሁ ሊገለበጥ ይችላል።

ቦታ መያዝ

ቦታ መያዝ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በመጀመሪያው ልጄ አንድ ማቆያ ሄጄ ስሜን ደብተር ላይ ጻፉልኝ፣ ብርም ከፈልኩ። ደረሰኝ አልጠየቅኩም። ሥራ የምገባበት ሰኞ ልጄን አዝዬ ስሄድ "ሞልቷል" አሉኝ። ደብተሩም ሌላ ደብተር ነበር። ብሩ ከስንት ምልልስ በኋላ ተመለሰልኝ፤ ያጣሁት ግን ቦታውን ነው። ከዚያ ወዲህ ሳልከፍል አልመዘገብም፣ ደረሰኝ ላይ ልጁ የሚገባበት ቀን ሳይጻፍ ደግሞ አልከፍልም። በወር አንዴም እደውላለሁ። ስልክ መደወል ማሰልቸት አይደለም፤ የሚደውል ሰው ስሙ አይረሳም።

ቦታ የሚለቀቀው መቼ እንደሆነ ካወቃችሁ ግማሹን አሸንፋችኋል። ትልልቆቹ ልጆች ወደ ነርሰሪ የሚሄዱት መስከረም ላይ ነው። ስለዚህ ማቆያው ውስጥ ቦታ የሚከፈተው ጳጉሜንና መስከረም ላይ ነው፣ ለዚያ ቦታ ስም የሚያዘው ግን ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው። ልጃችሁ ጥር ላይ ከተወለደ ዕረፍታችሁ ሚያዝያ ላይ ያልቃል። ያኔ የሚለቅ ልጅ የለም። እስከ መስከረም የሚያሻግራችሁ ድልድይ ያስፈልጋል። አያት ለእነዚያ ወራት ብትመጣ፣ ወይም ሞግዚት እስከዚያው ብትያዝ ነገሩ ይቀላል። የዓመት ፈቃድም አለ። በአሠሪና ሠራተኛው አዋጅ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ሦስት ሳምንት ይሆናል ማለት ነው። ከእርግዝና በፊት አትጨርሱት።

ለመጠየቅ ትክክለኛው ጊዜ የእርግዝናው 5ኛ ወር ነው። አዎ፣ ገና ያልተወለደ ልጅ ማስመዝገብ ለእኛ ይከብዳል። "ሳይወለድ ስሙን መጥራት" የሚል ፍርሃት አለ፣ እኔም ፈርቻለሁ። ስሙን አትጥሩት። በእናንተ ስም አስመዝግቡ፣ የምትፈልጉትን ወር ብቻ ተናገሩ።

የቀሩት ሁለት

ከሰፈር አንዲት እናት የራሷን ልጅ እያሳደገች የሁለት የሦስት ጎረቤት ልጅ ትይዛለች። ሴትዮዋን ከልጅነታችሁ የምታውቋት ከሆነ ከብዙ ማቆያ ይሻላል። ካላወቃችኋት ግን ሞግዚትን በምትመርጡበት ዓይን ምረጧት። ልጅ እየጨመረች ስትሄድ ደግሞ ሳትፈሩ ተናገሩ።

ነርሰሪ ከ3 ዓመት በኋላ ነው የሚታሰበው። የ2 ዓመት ልጅን ዕድሜ ጨምሮ ማስገባት ይታያል፣ አልመክርም። ግማሽ ቀን ብቻ የሚያስተምር ከሆነም ከሰዓቱ ያው ችግር ነው።

እኔ ምን አደረግኩ?

ለሁለተኛው ልጄ የባለቤቴ እናት እስከ 6 ወሩ ያዙልኝ። በዚህኛው ጊዜ ቀኑን ቆርጠን ነበር፤ ሰኔ ሲገባ በደስታ ሸኘናቸው። ከሰኔ እስከ መስከረም በተያዥ የያዝኳት የ24 ዓመት ሞግዚት ነበረች። መስከረም ላይ ቢሮዬ አጠገብ ያለ ማቆያ ገባ። ሞግዚቷ አሁን ሌላ ሥራ ይዛለች፣ ልጁ ሲታመም ግን ከቻለች ትመጣልኛለች።

ያልወደድኩት የዕድሜው ነገር ነበር። ልጅ ከ8 ወሩ ገደማ ጀምሮ እናቱን ከሌላው ይለያል፣ እንግዳ ይፈራል። እስከ ዓመት ተኩል ድረስ ይህ ይጠናል። በ4 ወሩ ቢሆን ኖሮ በሁለት ቀን ይለምድ ነበር። በ9 ወሩ ስለገባ 11 ቀን ፈጀብን። ስለዚህ ለልጃችሁ የሚገባበትን ወር መምረጥ ከቻላችሁ ከ8 ወሩ በፊት ወይም ከዓመት ተኩል በኋላ ይሁን። ካልቻላችሁ ማለማመጃ ቀን ጨምሩ።

ማለማመዱ እንዲህ ነው። የመጀመሪያ ቀን አብራችሁት አንድ ሰዓት ተቀመጡ። ሁለተኛ ቀን ነግራችሁት ግማሽ ሰዓት ውጡና ተመለሱ። ተደብቃችሁ አትውጡ፤ ሲዞር ሲያጣችሁ በማግሥቱ ልብሳችሁን አይለቅም። ሦስተኛ ቀን እስከ ምሳ፣ ከዚያ እስከ እንቅልፉ። የለበሳችሁትን ነጠላ ለተንከባካቢዋ ተዉላት። ስታቅፈው ትከሻዋ ላይ ጣል ታድርገው፣ ጠረናችሁ አለበት። ሲተኛ ግን ፊቱ ላይ እንዳይወድቅ ከአጠገቡ ታንሣው።